ባለብዙ ትራክ መቅጃ ላይ ኖይዝ ሲገባ፦ ምንጩን ፈልጎ የማጥፋት አሠራር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በዙም አር16፣ በታስካም ዲፒ-24 ወይም በመሰል ባለብዙ ትራክ መቅጃ (እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር ወይም ትራክ ለይቶ በሚቀዳ መሣሪያ) መንዙማ፣ መዝሙር፣ ክራር ወይም ማሲንቆ የምትቀዱ ከሆነ ይህ አሠራር ለእናንተ ነው። ኖይዝ (ያልተፈለገ ድምፅ) ሲሰማ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር ማጥፋትን ነው። እኔ ግን ኖይዙ የገባበትን ቦታ ሳታገኙ ምንም ነገር አታጥፉ እላለሁ። ሶፍትዌሩ «ሽሽ» የሚለውን ኖይዝ (ሽሽታውን) ከማሲንቆው የጭራ ፍትጊያና ከዋሽንቱ ትንፋሽ ለይቶ አያውቅም፤ አብሮ ይልጠዋል። ከአምባሰል ወይም ከባቲ መጥተው ለአንድ ቀን ብቻ የተገኙ አዛውንት ድምፃቸው እንዲህ ተልጦ ሲቀር ያሳዝናል፤ ደግሞ ለመቅዳት ዕድሉ ላይገኝ ይችላልና።

ሌላው ምክንያት የመሣሪያው ጠባይ ነው። አንድ ትራክ ላይ ብቻውን ሲሰማ «ይሄማ ምንም አይደል» የሚባል ሽሽታ ስምንት ትራክ ሲደራረብ ሌላ ነገር ይሆናል። የትራኩ ቁጥር በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ሽሽታው በ3 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያድጋል፤ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8 ሲደርስ 9 ዲሲቤል ሆነ ማለት ነው። ከመብራት መስመር የሚገባው «እምም» የሚል ድምፅ (እምምታ) ደግሞ ይብሳል። በአንድ ጊዜ በተቀዱ ትራኮች ላይ ሞገዱ እኩል ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ እጥፍ እስከ 6 ዲሲቤል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው መሠራት ያለበት የመጀመሪያው ትራክ ሳይቀዳ ነው።

እርምጃ 1፦ ኖይዙን በጆሮ ለዩት

ጥሩ ሄድፎን አድርጉ፤ ሰው ሁሉ ዝም ይበል። 20 ሰከንድ ያህል ባዶውን ቅዱና ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አዳምጡ።

ሳይቋረጥ «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የጌይን (የሚገባው ድምፅ የሚጎላበት መጠን) ነው። ዝቅ ብሎ «እምምም» የሚል ከሆነ ከመብራት መስመር የመጣ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) ነው፤ እምምታው በ50 ኸርዝና በእጥፉ በ100 ኸርዝ ይሰማል። ኪቦርድ ካላችሁ ቀላል ማረጋገጫ አለ። ባለ61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ኦክታቩ ካልተቀየረ ከግራ የመጀመሪያው ሶል 98 ኸርዝ ነው። እምምታው ከዚያ ሶል ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ የመብራት መሆኑን አትጠራጠሩ። ትንንሽ ስፒከሮች 50 ኸርዙን ስለማያወጡት ሰው የሚሰማው ባብዛኛው ይሄንን 100 ኸርዝ ነው።

ሹል ሆኖ «ጥዝዝዝ» የሚል ከሆነ አዳፕተርን፣ የኤልኢዲ አምፖልን፣ ዲመርን (የመብራት ማደብዘዣን) ወይም ኢንቨርተርን (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን) ጠርጥሩ። «ድት ድድት ድድት» ሲል ስልክ ነው። አልፎ አልፎ «ቀጭ፣ ቻ» የሚል ከሆነ ገመድ፣ ሜሞሪ ካርድ ወይም እርጥበት ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ ጌይኑ በዝቶ ቀይ መብራቱ እየበራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአማርኛ ስትቀዱ «ቅ»፣ «ጥ»፣ «ጭ» እና «ጵ» አጭርና ሹል ሆነው ስለሚወጡ በቅርብ ማይክ ላይ የገመድ «ቀጭታ» ሊመስሉ ይችላሉ። ገመድ ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚመጣ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። አብሮ የሚመጣ ከሆነ ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ጥቂት ወደ ጎን አዙሩት፤ ይበቃል።

እርምጃ 2፦ ተቀድቷል ወይስ እየሰማችሁት ብቻ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ብዙ ድካምም የሚመጣው ከዚህ ነው። የቀዳችሁትን የ20 ሰከንድ ባዶ ፋይል ከካርዱ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና በሌላ ሄድፎን ስሙት። እዚያ ከሌለ ቅጂው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከመቅጃው ወደ ስፒከሩ በሚሄደው ገመድ፣ በስፒከሩ ወይም በሄድፎኑ ጃክ ላይ ነው። እዚያም ካለ ኖይዙ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፤ ወደሚቀጥለው እርምጃ እለፉ።

እርምጃ 3፦ በጌይንና በገመድ መንገዱን መክፈል

ኖይዝ ያለበትን ቻናል ጌይን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። ኖይዙ አብሮ ከወረደ የገባው ከጌይኑ በፊት ነው፤ ማይኩ፣ ገመዱ፣ የክራሩ ፒክአፕ (ክራሩ ላይ የሚለጠፈው ድምፅ ተቀባይ) ወይም ክፍሉ ራሱ ነው። ካልወረደ የገባው ከጌይኑ በኋላ ነው፤ የኃይል ምንጩን፣ ኢፌክቱን ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር ያለውን ግንኙነት ፈትሹ።

ጌይኑን ወደ ቦታው መልሱና ገመዱን ከመቅጃው ንቀሉ። ጠፋ? እንግዲያው ገመዱ ራሱ ወይም ከገመዱ ወዲያ ያለው ነው። አሁን ገመዱን መልሳችሁ ሰኩና ማይኩን ብቻ ከገመዱ ጫፍ ንቀሉ። እንዲህ እያሉ መንገዱን ግማሽ ግማሽ መክፈል ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ገመዱንም አዳፕተሩንም ባንዴ ቀይራችሁ ኖይዙ ቢጠፋ የትኛው እንደነበር አታውቁም፣ ነገ ያው ዕቃ ሌላ ቻናል ላይ ይጠብቃችኋል።

እርምጃ 4፦ መብራቱ

የእኛ አካባቢ ዋናው ጣጣ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ መቅጃውን ከመብራት ለዩት። አር16 በ6 ተራ ደረቅ ባትሪ (ድብል ኤ) ይሠራል። አዳፕተሩን ነቅላችሁ በባትሪ አስነሡትና ያንኑ ባዶ ቅጂ ድገሙ። እምምታው ወይም ጥዝዝታው ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ወይም የቤቱ መስመር ነው። ዲፒ-24 የሚሠራው በ12 ቮልት አዳፕተር ብቻ ስለሆነ፣ ስፒከሩን፣ ሚክሰሩንና ላፕቶፑን ሁሉ ነጥላችሁ መቅጃውን ብቻውን ከሄድፎን ጋር ሞክሩት።

በአዳፕተር ብቻውን ሲሆን ጥዝ የሚል ከሆነ አዳፕተሩ የዕቃው የራሱ መሆኑን ተመልከቱ። ከገበያ የተገዛ ምትክ ቮልቱ ትክክል ቢሆንም ውስጡ ያለው ማጣሪያ ደካማ ሊሆን ይችላል። ምትክ ስትገዙ ቮልቱን፣ አምፔሩንና የጫፉን የፕላስና የማይነስ አቀማመጥ መቅጃው ላይ ከተሳለው ምልክት ጋር አስተያዩ፤ ፕላስና ማይነሱ ከተገላበጠ ኖይዝ ሳይሆን የተቃጠለ መቅጃ ነው የሚተርፋችሁ። ባለሁለት እግር ፕላግ ከሆነ ነቅላችሁ በግልባጩ ሰኩትና ስሙ። የመሬት ሽቦ በሌለው አዳፕተር ላይ ይህ ብቻውን ጥዝዝታውን የሚቀንስበት ጊዜ አለ።

ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ከስፒከር ወይም ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ እምም ካለ ግን ነገሩ የግራውንድ ቀለበት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ ሶኬት ላይ ሆነው በድምፅ ገመዱ ደግሞ ሲገናኙ፣ በመካከላቸው ያለው ትንሽ የቮልት ልዩነት በገመዱ ሽፋን በኩል ይፈሳል። መፍትሔው በቅደም ተከተል ይህ ነው። መቅጃውን፣ ስፒከሩን፣ ሚክሰሩንና የላፕቶፑን ቻርጀር በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ አድርጋችሁ ከአንድ ሶኬት ብቻ አውጡ፤ እነዚህ ዕቃዎች የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ነው፣ አንድ ሶኬት አይከብደውም። ያ ካልበቃ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪው አሠሩት። አሁንም ካለ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (የሁለቱን መሣሪያዎች የድምፅ መስመር የሚለይ ትንሽ ሳጥን) በመካከል አስገቡና የግራውንድ ማቋረጫ ማብሪያውን ተጫኑ። ያ ማብሪያ የሚያቋርጠው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ነው፤ የመብራቱን አይነካም።

የመብራቱን የመሬት እግር ቆርጦ ወይም በቴፕ ሸፍኖ እምምታ ማጥፋት ግን በፍጹም አይደረግም። እምምታው ይጠፋል፤ ዕቃው ውስጥ ችግር የተፈጠረ ቀን ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሰው ነው። ማይኩ ከንፈር ላይ የሚነዝር ከሆነ ቅጂውን እዚያው አቁሙ፣ ሁሉንም ንቀሉ፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የቤቱ መስመር የመሬት ሽቦ እንዳለው አስፈትሹ። የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ የመሬት እግር ኖሮት ከጀርባው ሽቦ ያልተሳበለት ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ምጣድ እየተጋገረበት ባለ መስመር ላይ አትቅዱ። ማቀዝቀዣው ሲነሣና ሲተኛ «ቀጭ» ያስገባል፤ ለቅጂው ሰዓት ይነቀል፣ ግን ማታ መልሶ መሰካቱን ለቤቱ ሰው አስታውሱ። ስታቢላይዘር ቮልት ሲዋዥቅ ዕቃውን ያድናል፤ ነገር ግን ትራንስፎርመሩ ዙሪያውን እምምታ ይረጫል፣ ሲቀያይርም ይቋቋል። ከማይክና ከጊታር ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት። መብራት ጠፍቶ ርካሽ ኢንቨርተር ላይ ስትሠሩ ጥዝዝታው የሚብሰው የሚያወጣው ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ስለሆነ ነው፤ በዚያን ጊዜ ባትሪ ይሻላል። ጄኔሬተር ከሆነ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የቮልቱ መዋዠቅ ያስቸግራል። ዲመር ያለበትን መብራት አጥፉ ወይም እስከ መጨረሻው አብሩት።

እርምጃ 5፦ ገመድና ጃክ

ከርካሽ ማይኮች ጋር አብሮ የሚሸጠው ገመድ ብዙ ጊዜ በማይኩ በኩል ባለሦስት እግር (ኤክስኤልአር)፣ በሌላው በኩል ወፍራም የሞኖ ጃክ ነው። ይህ ገመድ ለቤት ማጉያ ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለቱም ጫፉ ባለሦስት እግር የሆነ ገመድ ድምፁን በሁለት ሽቦ ተቃራኒ አድርጎ ስለሚልክ፣ በመንገድ የገባው እምምታ መቅጃው ጋ ሲደርስ ተቀናንሶ ይጠፋል። በሞኖ ጃኩ ይህ ጥበቃ የለም፤ ከዚያም አልፎ ብዙ መቅጃዎች ላይ የጃኩ መግቢያ የተዘጋጀው ጠንካራ ድምፅ ለሚልክ መሣሪያ ስለሆነ የማይኩ ድምፅ ደክሞ ይገባል፣ ጌይን ይጨመራል፣ ሽሽታው ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ አዲስ ማይክ ሳይሆን ጥሩ ባለሦስት እግር ገመድ ግዙ።

ገመዱን ለመፈተሽ ድምፁን መጠነኛ አድርጋችሁ ጃኩ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙት። ቻ ቻ ካለ ሽቦው እዚያ ተቆርጧል ወይም ሊዱ ለቋል፤ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መበየድ ነው። ባለሦስት እግሩ ላይ 1ኛው እግር ሽፋኑ (ግራውንዱ)፣ 2ኛውና 3ኛው ድምፁ መሆናቸውን በያጁ ካላወቀ ንገሩት። የድምፅ ገመድን ከመብራት ገመድ ጎን ለጎን አታስኪዱ፤ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በመስቀል ይለፉ። የተረፈውን የድምፅ ገመድ ጠምጥሞ የመብራት ገመድ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው።

ክራርና ጊታር ለብቻቸው ይነገርላቸው። ክራር ላይ የሚለጠፈው ፒኤዞ ፒክአፕ የሚፈልገው ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ያለው፣ 1 ሜጋኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ነው። አር16 ላይ ይህ ያለው 1ኛው መግቢያ ብቻ ነው፤ የሃይ-ዚ (የከፍተኛ ኢምፒዳንስ) ማብሪያውን አብሩት። ሌላ መግቢያ ላይ ብትሰኩት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ክራሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ እናንተም ጌይን ትጨምራላችሁ። የሞኖ ጃክ ገመዱ ከ5 ሜትር አይርዘም። ኤሌክትሪክ ጊታር እምም ካለ ደግሞ ጊታሪስቱ ቁጭ ባለበት ቀስ ብሎ ይዙር፤ እምምታው የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ተቀምጦ ይጫወት።

እርምጃ 6፦ ጌይንና ርቀት

ሽሽታን በተመለከተ ከማሽኑ ይልቅ ማይኩ የቆመበት ቦታ ይበልጣል። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ድምፁ በ6 ዲሲቤል ገደማ ያድጋል። ማይኩን ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 ብታመጡት 12 ዲሲቤል አተረፋችሁ፤ ያንኑ ያህል ጌይን ትቀንሳላችሁ፣ ሽሽታው ይወርዳል። መንዙማ በጀምዓ ሲሆን አንድ ማይክ አርቆ ሰቅሎ ጌይን ከመክፈት አውጪውን በአንድ ማይክ በቅርብ፣ ተቀባዮቹን በሌላ፣ ድቤውን ለብቻ መያዝ ይሻላል። መሣሪያው ባለብዙ ትራክ የሆነው ለዚህ ነው።

ዳይናሚክ ማይክ (ኃይል ሳይፈልግ የሚሠራው የተለመደው ዓይነት) ለለስላሳ ድምፅና ለሩቅ አይሆንም። ዋሽንትንና ዝግ ያለ ድምፅን በኮንደንሰር ማይክ ቅዱ። ኮንደንሰር ፋንተም ፓወር (መቅጃው በማይኩ ገመድ በኩል የሚልከውን ኃይል) ይፈልጋል፤ አር16 ላይ ይህ የሚገኘው በ5ኛውና በ6ኛው መግቢያ ብቻ ነው። 24 ወይም 48 ቮልት መምረጥ ይቻላል፤ ማይካችሁ 48 የሚል ከሆነ 48 ላይ አድርጉት። በባትሪ ስትሠሩ ፋንተም ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ መለዋወጫ ያዙ።

ቅጂውን በ24 ቢት አድርጉና ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 እስከ −6 ዲሲቤል መካከል እንዲውል ጌይኑን አስተካክሉ። የ16 ቢት የመጠን ስፋት (በዝግተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት) 96 ዲሲቤል ገደማ፣ የ24 ቢት በስሌት 144 ገደማ ስለሆነ ዜሮን (መቅጃው የሚችለውን የመጨረሻ ድምፅ) ለመንካት መጣር አያስፈልግም። ዘፋኙ በልምምድ ላይ የማያወጣውን ድምፅ በቅጂው ጊዜ ስለሚያወጣ ከፍ የሚልበትን ቦታ አስዘፍናችሁ ጌይኑን በዚያ ላይ ወስኑ።

ምንም ያልተሰካባቸውን መግቢያዎች ጌይን ዜሮ አድርጉ፣ የመቅጃ ማብሪያቸውንም አጥፉ። ኢፌክት ካለ አውጡት። በተለይ ኮምፕረሰር ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ ሲያደርግ ኖይዙንም አብሮ ያነሣዋል፤ የጊታር ማጉያ የሚያስመስሉት ኢፌክቶችም እንዲሁ። ደረቁን ቅዱ፤ ኢፌክቱ በኋላ ይደርሳል።

እርምጃ 7፦ ክፍሉና አየሩ

ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየቀዳችሁ ዝናብ ከመጣ ምንም መሣሪያ አያድናችሁም፤ ጠብቁ። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት አስቀድማችሁ አውቃችሁ በመካከሉ ሥሩ። ፒያሳ ወይም ቧንቧ ውሃ አካባቢ መንገድ ዳር ከሆናችሁ ባጃጁ እስኪቀንስ አምሽታችሁ መቅዳት ይቀላል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው የከባድ መኪና ጉርምርምታ ነው፤ በጆሮ ሳይሰማ በወለሉና በማይክ ማቆሚያው በኩል ይገባል። ማቆሚያውን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አቁሙ፣ በድምፃዊው ትራክ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ከበሮና ድቤ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፣ ሆዱን ታወጡታላችሁ። ግድግዳው ላይ ፍራሽ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል የውጭውን ባያጠፋም የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል።

እርጥበት የሚያመጣውን «ቀጭታ» ብዙ ሰው የማሽን ብልሽት አድርጎ ይወስደዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ነው። ደሴ በብርድ ያደረ ኮንደንሰር ማይክ ጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወርዶ ሰው በሞላበት ሞቃት ክፍል ውስጥ ወዲያው ሲከፈት፣ ውስጡ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ጠል ይይዛል፤ ከዚያ ይቋቋል፣ ይሰነጠቃል። ማይኩን ከነቦርሳው ዘግታችሁ ክፍሉ ውስጥ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አውጡት። ቋቋታው ከጀመረ ማይኩን ነቅላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ፀጉር ማድረቂያ አትንፉበት።

እርምጃ 8፦ ስልክና ካርድ

ሁሉም ሰው ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርግ፤ ድምፁን ማጥፋት አይበቃም። በ2ጂ መስመር ላይ ያለ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ ገመዱ ያንን ይቀበለዋል። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልኩ አጠንክሮ ስለሚልክ ይብሳል።

ካርድ ሲሆን ፈተናው ቀላል ነው። ያንኑ ቦታ ሦስት አራት ጊዜ አጫውቱ። «ቀጭታው» ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከመጣ ተቀድቷል፤ ቦታ ከቀየረ ካርዱ ለማጫወት ዘግይቷል። ሥራችሁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ካርዱን በመቅጃው በራሱ ፎርማት አድርጉ፣ ድጋሚ ሞክሩ። ካልተሻለ ክላስ 10 (የካርድ ፍጥነት ደረጃ ነው) የሆነ ትክክለኛ ካርድ ለውጡ። አር16 የሚቀበለው እስከ 32 ጊጋባይት ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው

ይህ ሁሉ ተደርጎ ትንሽ ኖይዝ መቅረቱ አይቀርም። ለእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያ ላይ ሰው ዝም ባለበት 15 ሰከንድ ባዶ ቅዱ፤ ሶፍትዌሩ ኖይዙን የሚማረው ከዚያ ነው። ሚክስ (ትራኮቹን ማቀላቀል) ከመጀመራችሁ በፊት ዘፋኙ የማይዘፍንባቸውን፣ ማሲንቆው ያረፈባቸውን ቦታዎች በየትራኩ ቆርጣችሁ ዝም አድርጉ፣ መግቢያና መውጫውን ለስለስ አድርጉት። ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። የቀረ እምምታ ካለ በኢኪው (የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያ) ጠባብ አድርጋችሁ በ50፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ላይ ቀንሱ። ሽሽታ ካለ ኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር) ላይ ከባዶው ናሙና ወስዳችሁ ከ6 እስከ 12 ዲሲቤል ብቻ ቀንሱ፤ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስል ድምፅ ከመጣ አብዝታችኋል። ማሲንቆ ላይ ባትነኩት እመርጣለሁ። ጭራው ከጭራ ጋር ሲፈተግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ የመሣሪያው ድምፅ ነው፤ ከጠረጠራችሁ ተጫዋቹን አሰሙትና እሱ ይፍረድ። ሥራው የሚካሄደው በቅጂው ግልባጭ ላይ ይሁን፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ በሌላ ካርድ ወይም ዲስክ ላይ ይቀመጥ።